ከመካከል ጀምረህ ንገረኝ

ዝናብ የነካው ብራና የራሱ ሽታ አለው፤ እርጥብ ቆዳ፣ ጭስና የጧፍ ሰም አንድ ላይ ሆነው ነው። ባለፈው ሐምሌ ካፊያ ሸሽቼ ቤተ ክርስቲያን ተጠልዬ ሳለ ያ ሽታ ከዕቃ ቤቱ በር ድንገት መጣብኝና፣ አባቴ አራቱን ወንጌል ከማኅደሩ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ሲዘረጋው እየታየኝ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቼ «እማማ እኮ የራሳቸውን ጥላ ይጠረጥራሉ» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! አዎ፣ እጠረጥራለሁ፤ ጥርጣሬን የወረስሁት ደግሞ ከሌላ ከማንም ሳይሆን ወንጌል ሲያስተምር ከኖረው አባቴ ነው።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር፤ ወጀት ያልኋት ኋላ ፍኖተ ሰላም የተባለችውን ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፣ ገጠሩ ደግሞ የአርበኛ ነው፣ እኛ በሁለቱ መካከል ነበርን። ውሻ ሲጮኽ እናቴ የያዘችውን ሁሉ ጥላ በበሩ ስንጥቅ ታይ ነበር፤ የክርስትና ዘመድ እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደመጣ ይታያል። ሰው ለሰው «እንዴት አደራችሁ» ሲል ዓይን ለዓይን ይፈላለግ ነበር።

አባቴን ተማሪዎቹም፣ እናቴም፣ እኔም «የኔታ» ነበር የምንለው። ክረምት ሲገባ ትምህርቱ ከደጅ ወደ ቤት ይዛወርና፣ እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ተቀምጬ ጥጥ እየፈለቀቅሁ እሰማ ነበር። አባቴ ንባቡን በግዕዝ አሰምቶ በአማርኛ ይፈታዋል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። አንድ ቀን ትንሣኤው ላይ ደረሰ። ሴቶቹ መቃብሩ ዘንድ ሲሄዱ ማቴዎስ አንድ መልአክ አገኙ ይላል፣ ሉቃስ ሁለት ይላል። ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ፣ «የኔታ፣ አንድ ነው ሁለት?» አልሁት።

«ሁለት ነበሩ፤ ማቴዎስ የተናገረውን ብቻ ነው ያነሣው» አለኝ።

«አንድም አንዱ ዋሽቷል» አልሁ እኔ።

እናቴ ጥጡን ጥላ ተነሣች። «ወየው! አፍሽ ይቆረጥ! ሰማንያ አሐዱው መጽሐፍ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ነው፤ አንቺ ማን ነሽና ነው?» ብላ ልትቆነጥጠኝ ስትል አባቴ በእጁ ከለከላት። «ተያት፣ ትጠርጥር» አለ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም፤ አባቴ ቆሞ ሲጸልይ እያየሁ፣ መጽሐፉ የሰው ወሬ ከሆነ ይኼ ሁሉ ጾምና ስግደት ለማን ነው እያልሁ ሆዴ ይባባ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ አንድ ማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ፣ የእናቴን ታናሽ ወንድም አያ ሽበሺን የጦር ጓደኛው ደግፎ አመጣው። ፈረስ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲህ በተደረገ ውጊያ ጭኑን ተመትቷል። አባቴ ቁስሉን ሲያጥብለት ሁለቱ ነገሩን ይተርኩ ጀመር፤ አይ መተረክ! ሽበሺ «ዝናብ ነበር፣ ወንዙን ስሻገር ነው የመታኝ፤ ይኸው እሱ ብቻውን አነሣኝ» ይላል፤ ጓደኛው «የምን ዝናብ? ፀሐይ አናታችንን ሲበሳው፣ ዳገቱን ጀምረህ አልነበረም እንዴ? ደሞ እኔ ብቻዬን አንተን የማነሣ ዝሆን ነኝ? ሁለት ነበርን!» ይላል። «እግሩ የኔ ነው ያንተ?» ብሎ ሽበሺ ሲቆጣ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ሳቅን። ጓደኛው በዚያው ቀን ተመለሰ፤ ሽበሺን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት መነኩሲት ጎጆ ውስጥ ደበቅነው። ቁስሉ ግን እየከፋ፣ እያበጠ ሄደ፤ እናቴ ለመነኩሲቷ ድርጎ የምታደርስ መስላ ምግብ ይዛለት ትሄድና ዓይኗ ቀልቶ ትመለስ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት አንድ የተጎሳቆለ ሰው መጣ። የሽበሺ የጦር ጓድ ነኝ፣ ከጣሊያን የማረክነውን የቁስል መድኃኒት ይዤለት መጥቻለሁ፣ በገዛ እጄ ካልሰጠሁት ግን አልመለስም አለና ጠርሙሱን አሳየን። እንዴት እንደተመታም ተረከልን፤ ዝናብ እንደነበር፣ ወንዝ ሲሻገር እንደወደቀ፣ «እመብርሃን!» ብሎ እንደጮኸ፣ በገዛ ኩታው እንዳሰሩለት። እናቴ ስታለቅስ አባቴ ሰውየውን አብልቶ አጠጥቶ፣ «ሽበሺ ያለበትን እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ብቻ ሸኘው።

ሳምንት ቆይቶ ሌላ ሰው መጣ፣ እሱም ጠርሙስ ይዟል፤ ከእሱ በፊት ሰው መምጣቱን ሲሰማ «ማን ይሆን?» ብሎ ተገረመ። እሱም ተረከ፤ ዝናብ፣ ወንዝ፣ «እመብርሃን!»፣ ኩታ። እናቴ አባቴን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችው።

«የኔታ፣ በሁለት ምስክር ነገር ይጸናል የሚሉት እርስዎ አይደሉም? ይኸው መጡልዎ! አንዲት ቃል እንኳ አልተለያዩም! ወንድሜ በቁሙ እየበሰበሰብኝ ነው፣ ያለበትን እነግረዋለሁ!»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «አንዲት ቃል እንኳ?» አላት። ከዚያ ተመልሶ እንግዳው ፊት ተቀመጠ።

አባቴ ተማሪ የሚፈትንበት መንገድ ነበረው። በቃሉ የያዘውን ከመነሻው አያስጀምረውም፤ ከመካከል አንድ ቃል ያነሣና ከዚያ ቀጥል ይለዋል። የገባው ሰው ከየትም ይነሣል፤ እንዲያው የሸመደደ ግን ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ካልተንደረደረ አንድ እርምጃ አይሄድም።

«በል ልጄ፣ ከመካከል ጀምረህ ንገረኝ» አለው። «ኩታውን ካሰራችሁለት በኋላ በየት በኩል ሄዳችሁ?»

ሰውየው መልሶ ከላይ ጀመረ። «ዝናብ ነበር» አለ፣ «ወንዝ ሲሻገር…»

«እሱን ሰምቻለሁ። ከኩታው ጀምር።»

«ኩታው… እ… ዝናብ ነበር…»

እናቴ ከቆመችበት የጓዳው በር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ልቧ ተመልሶ ተከፈለ። «ደንግጦ ቢሆንስ? መድኃኒቱን መልሰን ወንድሜ ቢሞት ደሙ በእርስዎ እጅ ነው!» አለችው። «በእጄ ይሁን» አለ አባቴ። ወዲያው ተማሪዎቹን ጠርቶ ሽበሺን በቃሬዛ አሸክሞ፣ ገበዝ ማርያም በሚባለው አገር ወደሚያውቃቸው አንድ የቁስል አዋቂ ሰደደው።

ብዙም አልቆየ፤ ጣሊያኖችና ባንዶች መጥተው ግቢያችንን ከበቡት። ሁለቱ እንግዶች፣ የማይተዋወቁ መስለው የመጡት፣ ጎን ለጎን ሆነው መንገድ ይመሩ ነበር። የሽበሺን ወሬ ማን እንዳስጠናቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጎተራውን ዘረገፉት፣ የመነኩሲቷን ጎጆ ሳይቀር በርብረው ምንም አላገኙም። እናቴ «ያበላኋችሁ እህል ይፋረዳችሁ!» ስትል፣ ኋላ የመጣው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የተበተነውን እህል ከአባቴ ጋር ስለቅም፣ «የመልአኩን ነገር አልረሳሽውም አይደል?» አለኝ።

«አልረሳሁም።»

«ወንጌል ውስጥ አንድ ቃል ይዘው የወጡ እነማን ናቸው? የመቃብሩ ጠባቂዎች! ጉቦ በልተው፣ ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት በሉ ተባሉና አሉ። ሴቶቹ ግን እየፈሩም እየሮጡም ስለነበር ወሬው ተለያየ። መጻሕፍቱን የለዩልን አባቶች ይኼን ሳያዩት ቀርተው ይመስልሻል? አራቱን አንድ ወጥ አድርገው ማስተካከል ይችሉ ነበር፤ እንዳለ ተዉት።»

«እሱማ ማየታቸውን ያሳያል እንጂ፣ እግዚአብሔር እንዳናገራቸው በምን ይታወቃል?»

አባቴ እፍኙን እህል ከአፈሩ ለይቶ ወደ ጎን አኖረው። «እዚያ ላይ እኔም ምስክር የለኝም» አለ፤ «አምናለሁ እንጂ። አንቺ ግን ጠይቂ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴን ወድጄው አላውቅም።

ዛሬ የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ መጽሐፍ ቅዱስ እርስ በርሱ የሚጣላበትን ቦታ ይዘረዝርልኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ የትም አይጋጭም ብላ ትምልልኛለች። ሁለቱም ከሰው አፍ የቀዱትን ነው የሚያንበለብሉት፣ አንዳቸውም ከመካከል ጀምሩ ሲሏቸው አይሆንላቸውም። ያኔ ጥርጣሬ ነፍስ ያድን ነበር፣ ዛሬ ክፉ ጠባይ ሆኖ ይቆጠራል። ያ ሽታ ሲመጣብኝ እኔም የአባቴን ያህል አምናለሁ፤ በሌላው ቀን እጠይቃለሁ።

አያ ሽበሺ ድኖ፣ አግብቶ፣ ሸምግሎ ነው የሞተ። የተመታባትን ቀን በየዓመት በዓሉ ያወራልን ነበር፤ አንዴ በዝናብ ይሆናል፣ አንዴ በፀሐይ፣ ያነሡትም ሰዎች አንዴ አንድ፣ አንዴ ሦስት ይሆናሉ፣ እኛም እየሳቅን እናርመው ነበር። ወሬው ሲያልቅ ከተቀመጠባት ዱካ ይነሣና፣ ሁልጊዜ በዚያችው በአንዷ እግሩ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።