ያልታረመው እርምጃ

የእኔ ኑድል ቤት ከእነሱ መለማመጃ አዳራሽ ሥር ነው። እነሱ ፎቅ ላይ ሲዘሉ እኔ ምድር ቤት ሾርባዬን እከድናለሁ፤ ያለዚያ ደንበኛዬ የጣሪያ አቧራ ይበላል። ጉንሳን ወደብ ላይ ሰው ሁሉ «የወንዝ ድንጋይ ቤት» የሚለውን የእርግጫና የቡጢ ትምህርት ቤት የማውቀው በዚህ ጉርብትና ነው። ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ደግሞ በደንብ የማውቀው ፒዮ ማንሱን ነው። ማንሱ ሆዱ ሲቆስል የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር፤ ሆዱ ያልቆሰለበት ቀን ደግሞ ትዝ አይለኝም።

ማንሱ በረዶ ቤት ይሠራል። ለዓሣ ጀልባዎቹ የበረዶ ግንድ በትከሻው እየተሸከመ ይጭናል። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ኮስታራ፣ ልቡ ግን የሕፃን ልብ ነው። ሚስት አላገባም። «የወንዝ ድንጋይ ቤት ሚስቴ ናት» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ታዲያ ሸሚዝህን ምነው አትተኩስልህም?» እለዋለሁ። መምህር ኦክ ከሰሜን ተሰደው መጥተው አዳራሹን ሲከፍቱ ወለሉን አብሯቸው ያነጠፈው እሱ ነው። የመጀመሪያው ደቀ መዝሙር ነው እንግዲህ። በዚህ ቤት ደግሞ ታላቅና ታናሽ የሚባለው በዕድሜ ሳይሆን ቀድሞ በመግባት ነው።

ቹ ኢልጎን የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የማኅተም ቀራጭ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ እጁም እንደ አባቱ እጅ ጥንቁቅ። እሱ በገባ ሰሞን መምህር ኦክ ጠፍቶባቸው የነበረ ድምፅ ያገኙ መሰሉ። «ኢልጎን፣ ክርንህ!» «ኢልጎን፣ ተረከዝህን ምን አድርገኸዋል?» «ኢልጎን፣ እንደገና!» እኔ ማድቤት ድረስ ይሰማል። ማንሱን ግን ምንም አይሉትም። ቆመው ያዩታል፣ ዝም ብለው ያልፉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ይል ነበር። ማንሱ እርር ድብን አለ።

«ዛሬም እሱን ነው የተቆጡት» ይለኛል፣ ኑድሉን ሳይበላ እያማሰለ።

«ምን ይሁን? ቁጣ ነው የጎደለህ?»

«አይገባሽም እትዬ። ሰው የሚያርመው ሊያወርሰው ያሰበውን ነው።»

«አንተንስ?»

«እኔን ወይ ጨርሷል ብለውኛል፣ ወይ ተስፋ ቆርጠውብኛል።»

«እንግዲህ እስኪለይልህ ብላ፣ ቀዘቀዘ። በቁጣ የሚቀና ሰው እኔስ ካንተ በፊት አላየሁም።»

ይቀና ነበር። ኢልጎን አዲስ ልብስ ሲለብስ ይቀናል። መምህር ለኢልጎን ማኮሊ የሚባለውን የሩዝ ጠላ ሲቀዱለት ይቀናል፤ ለራሱም ቀድተውለት እያለ የኢልጎን ጽዋ የሞላ ይመስለዋል። አንድ ቀን ኢልጎን በልምምድ እግሩ ተሰብሮ መምህር ራሳቸው ሲያሹት ያየው ማንሱ፣ «እኔ ደግሞ ምን ሆኜ ነው የማልሰበረው» ብሎኝ አረፈው። ሳቅሁበት። አሁን ሳስበው ብዙም የሚያስቅ አይደለም።

አንድ የሚጽናናበት ነገር ነበረው። የወንዝ ድንጋይ ቤት የትውልድ ሐረጉን የሚናገር ወረቀት የለውም። መምህር ድንበሩን ሲሻገሩ የያዙት የመምህራቸውን ፎቶግራፍና ሁለት እግራቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሩ የሚቆጠረው በአካሄድ ነው፤ የመምህሩን እርምጃ ሳይጨምር ሳይቀንስ የያዘ እሱ ልጅ ነው። መምህር ኦክ ደግሞ ከመርገጣቸው በፊት ግራ ጉልበታቸው ትንሽ ዝቅ ትል ነበር፤ ትንሽ፣ ዓይን ሳያርፍባት የምታልፍ። ማንሱ ያቺን ዝቅታ ዓመታት ለፍቶ ያዛት። ኢልጎን አንድ ጊዜ ሊሞክራት ሲል መምህር ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኹበት፤ «ማን አድርግ አለህ? ቀጥ በል!» አሉት። ያን ቀን ማንሱ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን በላ።

«ሰማሽ አይደል? ለእሱ ከለከሉት። ለእኔ የተሰጠች ምስጢር ናት።»

«ሰጠሁህ ብለውሃል?»

«ምስጢር እኮ አይነገርም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማንሱም ከዚያ ወዲህ ያቺን እርምጃ ያዛት። ትንንሾቹን ሲያስተምርም እሷኑ ነው።

መምህር ኦክ በደረት ሕመም ሞቱ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ማን ይተካኝ የሚል ቃልም አልተዉም። በእኛ አገር ሙት ዓመት ሲደርስ በሟቹ ፎቶግራፍ ፊት የመጀመሪያውን ጽዋ የሚቀዳው የበኩር ልጅ ነው። ልጅ የሌለው መምህር ሲሆን፣ ጽዋውን የቀዳ ቤቱን ወሰደ ማለት ነው፤ ክርክር የለም። ስለዚህ ዓመቱ እየቀረበ ሲመጣ ማንሱና ኢልጎን መነጋገር አቆሙ። ተማሪውም ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱም በየተራ የቤቱን እርምጃዎች ያሳዩ፣ የመምህሩ ሚስት ጽዋውን ለፈቀዱት ይስጡ ተባለ። እማማ ባላቸው በሕይወት ሳሉ አዳራሹን ረግጠው አያውቁም፤ ሲለማመድ ያዩት ሰው የለም። ለማንም አያዳሉም የተባለው ለዚህ ነው።

በሙት ዓመቱ ቀን የተቀቀለውን ዓሣ፣ የሩዝ ቂጣውን፣ የተላጠውን የፒር ፍሬ ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ማንሱ ቀድሞ ቆመ። ሰገደ፣ ተነሣ፣ ጀመረ። ግራ ጉልበቱ ዝቅ ስትል እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለተኛ ዝቅ ስትል እንባቸው ወረደ። ማንሱ አይቷል። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት፣ እኔ እንኳን ከዚያ በፊት ያላየሁት ነው። ከዚያ ኢልጎን ተነሥቶ ሠራ፤ ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ እንከን የሌለው። እማማ ለእሱ አላለቀሱም።

ሁለቱ ሲጨርሱ እማማ ማንሱን ጠሩት።

«ይህን እርምጃ ማን አስተማረህ ልጄ?»

«መምህር ናቸው እማማ። ለእኔ ብቻ።»

«ማንም አላስተማረህም። የእሳቸው ጉልበት ነው። በጦርነቱ የመድፍ ፍንጣሪ ገብቶ የቀረበት ጉልበት። ሲያገቡኝ እንደዚህ ልጅ ቀጥ ያሉ ነበሩ» አሉና ወደ ኢልጎን ጠቆሙ።

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቅ አመለጠው። ዞሬ ሳየው ዋጠው።

«ታዲያ ለምን አላረሙኝም?» አለ ማንሱ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ቤት ሲገቡ ይነግሩኝ ነበር። ‹ማንሱ ቁስሌን እንኳ ወሰደልኝ። ተው ልለው እነሣለሁ፣ አፌ እምቢ ይለኛል። ልጅ ቢኖረኝ እንዲህ ነበር የሚያነክሰው› ይሉ ነበር።»

እማማ ዓይናቸውን ጠረጉና ጽዋውን ለኢልጎን ሰጡ። «ትምህርታቸው ያለው አንተ ጋ ነው» አሉት። ኢልጎን ቀዳ። ማንሱ ሁለተኛውን ቀዳ፤ ግማሹን ምንጣፍ ላይ አፈሰሰው። እኔ ጠረግሁት።

ዕቃውን አውርጄ ሳጥብ ኢልጎን ብቻውን ገባ። ቤቱን የወረሰ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን የተዘረፈ ሰው ፊት ነው።

«እንኳን ደስ አለህ። ምን ላቅርብ?» አልኩት።

«እኔን ሁሉንም አረሙኝ እትዬ።»

«ለዚህ አይደል የበቃኸው?»

«ጣቴን፣ ክርኔን፣ አተነፋፈሴን። አንዲት ነገር እንኳ አልሳሱልኝም። ለእሱ ግን አፋቸው እምቢ አላቸው። ሰማሽ አይደል፣ ልጄ ነው ያሉት።»

«አንተ ቤቱን ወስደሃል። ይህችን እንኳ ተውለት» አልኩት ተቆጥቼ።

ሳይበላ ወጣ። ቅናት ከአንዱ ትከሻ ወርዳ በሌላው ስትወጣ እንደዚያ በግልጽ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ማንሱ መጣ። አቀረብኩለት፤ በላ። ጨርሶም ይበላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«ተቆጣኝ» አለኝ።

«ማን?»

«ኢልጎን። ተማሪው ሁሉ ፊት። ‹ጋሼ፣ ጉልበትህን አቅና› አለኝ። ልክ ነው፤ የቤቱ አለቃ ነው። ትንንሾቹ እኔን እያዩ ማንከስ ለምደዋል።»

«አንተስ?»

«አቀናሁ። እንዴት እንደሚያምር ብታይ! አጨበጨቡልኝ።»

ማንኪያውን ወረወርኩት። «ለቤቱ አስቦ መሰለህ? ቀንቶብህ ነው! ትናንት እዚህ ቁጭ ብሎ...»

«አውቃለሁ። ቅናትን ለእኔ ልታስተዋውቂኝ ነው?» ብሎ ትንሽ ሳቀ።

ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። መሄጃው ደርሷል፤ በረዶ ቤት ይጠብቁታል። አልተነሣም።

«አምና ስንቀብራቸው አላለቀስኩም እትዬ። ጠዋት ጠዋት እግሬን ባነሣሁ ቁጥር እሳቸው እዚያ አሉ። ለምን አለቅሳለሁ?» አለኝ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መምህር የሞቱብኝ ዛሬ ነው።»