የሰፊው ሚስት ቀሚሶች

እኛ ሱቅ ውስጥ ሦስት ነን። ሰፊው የስፌት መኪናው ላይ፣ ጠርዝ በእጇ የምትሰፋው ዘምዛሚዋ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ካውያው ጋ። እኔን ራሱ «ካውያ» ነው የሚሉኝ። በሥራዬ ምክንያት ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ዘምዛሚዋ «ቶሎ ስለምትግል ነው» ብላ ቁርጤን ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ደንበኛ ቀጠሮው ሳይደርስ መጥቶ ሲጨቀጭቅ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል «ነገ ይምጡ» ይላል፤ ደንበኛውም እኔን ገልምጦኝ ይሄዳል።

ላወራ የፈለግሁት ግን ስለ እሱ ነው። ሰፊው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰው ሲያይ ዓይኑ ፊት ላይ አያርፍም፤ ትከሻና ወገብ ላይ ነው። አንዴ የሰፋለትን ሰው ልክ አይረሳም፣ ስም ግን ጭራሽ አይያዝለትም። «ያ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ሰውዬ ኮቱን ወሰደ?» ይለኛል። ደግነቱ እኔም ደንበኞቹን በዚሁ ነው የማውቃቸው።

ሚስቱን ያገኛት በጠብ ነው። የሰፋላት ጉርድ ጠበበኝ ብላ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። ጉርዱን አገላብጦ አየና «ጉርዱ ልክ ነው፣ የጨመሩት እርስዎ ነዎት» አላት። እኔ አሁን መቀሱን አንስታ ትወጋዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ያለውን ሰው አስቁሟል። በሳምንቱ ሌላ ጨርቅ ይዛ መጣች፣ ከዚያ ሌላ፤ በመጨረሻ ጨርቅ መግዛቱ ሰልችቷት ነው መሰለኝ አገባችው። ሕፃናት ታስተምራለች። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ወፍራም ናት፣ በውፍረቷም ትኮራለች፤ «እኔን ያገባኝ የተረፈው ጨርቅ እንዲያልቅለት ነው» እያለች እሱን ታሳፍረዋለች። ልጅ አልወለዱም። ልብሷን ሁሉ የሚሰፋላት እሱ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ቀሚስ ለብሳ አይቻት አላውቅም።

ሆዷን ያማት ጀመር። ቃር ነው ተባለ፣ ጨጓራ ነው ተባለ፣ የተባለውን ሁሉ ዋጠች። በኋላ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

መቼም ሰው በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ጎረቤታቸው የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ወረፋውን ትቶ በር ላይ ይቆማል፤ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገብቶ እስኪያልቅላት ጠብቆ ይመልሳታል። ዘምዛሚዋ ልብስ ማጠቡንና ሾርባውን ያዘች። እኔ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለምችል ሰፊው በማይኖርበት ቀን የተማሪ ዩኒፎርም ሱሪ እሰፋ ጀመር። ያንን ሱሪ የለበሱ ልጆች እስከ ዛሬ ሳይሰድቡኝ አይቀሩም።

ከሁሉም የምታስበው ስለ እናቷ ነበር። እናቷ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ነው የሚኖሩት፣ ስለ ሕመሙም አልተነገራቸውም። በስልክ ስታዋራቸው ያን ትልቁን ድምፅዋን ከየት እንደምታመጣው እንጃ፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ፣ መጣሁ» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ ላብ በላብ ሆና ትራሷ ላይ ትወድቃለች። ለምን አይነገራቸውም ያላት ሰው አለ። ተቆጣች። አልጋ ላይ ሆና እናቷ እንዲያዩዋት አትፈልግም፤ በእግሯ ሄዳ በራቸውን አንኳኩታ ነው የምትገባው።

እየከሳች ሄደች። አንድ ጠዋት ሐኪም ቤት ልትሄድ የለበሰችው ጉርድ ወገቧ ላይ ዞረ፤ ዚፑ ከኋላ ተነሥቶ ሆዷ ላይ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንዲህ ከሆነስ መድኃኒቱን ትቼ በቁሜ እያለሁ እናቴ ጋ እሄዳለሁ አለች። ሰፊው ይህን የነገረን ጉርዱን ከፌስታል እያወጣ ነው። ካቋረጠች ተስፋ የለም ብሎታል ሐኪሙ። ወገቡን ተረተረና አጠበበው፣ ዘምዛሚዋ ቀለሙ የሚመሳሰል ክር ፈልጋ ሰጠችው፣ እኔ ጋ መጣ።

የተተረተረ ስፌት ምልክት ይተዋል፤ የመርፌ ቀዳዳ እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፎ ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በእንፋሎት መምታት፣ በጥፍር ፋቅ ፋቅ ማድረግ፣ ደግሞ መምታት ነው። ያለ እኔ ነገሩ አይሸፈንም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ሚስትህን ልታታልል ነው ወይ ብዬ ጮኽኩበት። «ጋሼ፣ አንተ ብቻ ተኩስልኝ» አለኝ። ድምፁ አንጀቴን በላው። ተኮስኩለት።

በማግስቱ ለበሰችው። ልክክ አለ። ለካ ትናንት ዚፑን አጣምሜ ነው የለበስኩት አለች አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ሆነ። ዘምዛሚዋ ላጥብ ብላ ልብሱን ከቤት ታወጣለች፣ ሰፊው ያጠባል፣ እኔ እተኩሳለሁ፣ ታጥፎ ይመለሳል። ሐኪም ቤት ስትመዘን ሰፊው ፊቷ ቆሞ ሚዛኑ ያረጀ ነው አትይው ይላታል፤ ነርሷም ገብቷት ቁጥሩን ድምፅ ሳታሰማ ትጽፋለች። ሊጠይቃት የሚመጣ ሁሉ አምሮብሻል ይላታል። እሷም የቀሚሷን ወገብ መታ መታ እያደረገች መድኃኒቱ ፀጉሬን እንጂ ሥጋዬን አልደፈረም ትላለች፤ እኛም እንስቃለን። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ስጨርስ እናቴ ጋ እሄዳለሁ ትላለች። ሾፌሩ መኪናውን አሳጥቦ እንደሚወስዳት ምሎላታል።

አንድ ቀን ሐኪሙ ሰፊውን ለብቻው ጠራው። መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም። ዕጢው ጉበቷ ጋ ደርሷል። ከፈለጋችሁ እንቀጥላለን፣ አለው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሰፊው ገባው። ከዚያ ወጥቶ ቀጥታ ሱቅ መጣ፣ ነገሩን እንደ ሰው ልክ በአጭሩ ነገረንና መኪናው ላይ ተቀመጠ። ሰማያዊው ቀሚሷ ለማጥበብ እዚያው ነበር። ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተው። ዘምዛሚዋ ከእጁ ወስዳ አስገባችለት። ሠርቶ ሰጠኝ፣ ተኮስኩ። ለሚስቱም ሳይነግራት ቀረ። ነገ እነግራታለሁ ይላል፣ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልንጠይቃት ሄድን፣ እኔና ዘምዛሚዋ። ሾፌሩም እዚያ ነበር። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ዩኒፎርሙ እንዴት ነው አለችኝ፤ አንድ ተማሪዋ መቀመጥ እንዳቃተው ሰምታለች። ሳቅን። ከዚያ ባሏን ከወጥ ቤት ጠራችውና አጠገቧ እንዲቀመጥ በእጇ አመለከተችው። ያ ዚፑ የዞረው የመጀመሪያው ጉርድ ጉልበቷ ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ያጠበብከው ቀን ነው ያወቅኩት» አለችው። «የሰፊ ሚስት ነኝ እኮ።»

ሾፌሩ ሊወጣ ተነሣ፤ ተቀመጥ አለችው፣ አንተም አለህበት።

እዚህ ላይ ሥራችንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልንገር። ደህና ሰፊ ልብስ ሲያጠብ የተረፈውን ጨርቅ አይቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፎ ይተወዋል፤ ሰውዬው ነገ ቢወፍር ተተርትሮ ወርዱ እንዲሰፋለት ነው። ትርፉ የሚቆረጠው የልብሱ ወርድ ሁለተኛ እንደማይሰፋ ቁርጥ ሲሆን ነው። ማንም ሰፊ ይህን አስቦ አያደርገውም፤ እጁ ነው የሚያውቀው።

ጉርዱን ገለበጠችውና ውስጡን በጣቷ አሳየችው። ትርፉ እዚያ ታጥፎ ወፍሮ ተቀምጧል። «ይኸውና። ሁሉም ላይ ትተህልኛል። አንተ ስትወጣ እዳብሰዋለሁ። በየጊዜው ይወፍራል፣ እኔ እከሳለሁ። ግን ይሄ ሰውዬ ቦታዬን ይዞልኛል፣ ተመልሳ ትሞላዋለች ብሎ ነው እላለሁ። ያንን መርዝ የታገሥኩት ለዚህ ነው። እናቴንም ቆዪ ያልኳት ለዚህ ነው።»

ከዚያ የለበሰችውን የሰማያዊውን ቀሚስ ጎን ገለበጠች። እዚያ ምንም አልነበረም፤ ጨርቁ ከስፌቱ ሥር ጥርግ ብሎ ተቆርጧል።

«ይሄን ግን ቆረጥከው» አለች።

ሰፊው ቀሚሱን አየው። እምላለሁ፣ ያን ጊዜ ነው ያየው። ጫፉ ተተልትሎ ስለነበር ነው አለ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ ካውያ፣ ተተልትሎ ነበር?»

ስተኩሰው አይቼው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው ያጠፍኩት። ለደንበኛ ስንት ውሸት የምደረድር ሰው፣ ለእሷ አንዲት ውሸት አጣሁ። ወለሉን አየሁ።

«ልብ ብዬ አይደለም» አለ ሰፊው። «እጄ ነው የቆረጠው።»

ያንን እጁን ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያበሰለላት፣ ያጠበላት፣ የሾፈረላት፣ የተኮሰላት ተስፋ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ አልቆ እዚያ ቁጭ ብለናል። «እንግዲያው እናቴ ጋ ውሰዱኝ» አለች።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ሾፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ ጮኽኩበት። ሰውዬው ቆሞ ነበር፤ ሞተሩን እንኳ አላስነሣም።

ሐኪሙ መንገዱን አትችለውም አለ። እሷ እችለዋለሁ አለች። ሾፌሩ እንደማለው መኪናውን አሳጥቦ ጠዋት መጣ፣ የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ ትራስ አነጠፈበት። ዘምዛሚዋ የመንገድ ሾርባ ይዛ ነበር። ሰፊው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ደግፈናት ከአልጋ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ትንሽ ልረፍ አለች፣ ወንበር አመጣንላት። ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ ክፍት በሩ ላይ ተቀምጣ መኪናውን ስታይ ቆየች። አንድ ሁለቴ ልትነሣ ሞከረች። ፀሐይዋ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ወርዳ ጎማው ጋ ስትደርስ ለሾፌሩ በቃ ብቻህን ሂድ፣ እናቴን አምጣልኝ አለችው። ወደ አልጋዋ ስንመልሳት ቅድም ካነሣናት ጊዜ ይልቅ ቀልላ ታወቀችኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ደረሰ። እናቲቱ ረጅም ሴትዮ ናቸው፤ ሳቂታ አፋቸው የልጃቸው ነው። መንገድ ላይ ሾፌሩ ትንሽ አሟታል ብቻ ነው ያላቸው፤ ከዚያ በላይ አፉ አልታዘዘለትም። ገቡ። ዘምዛሚዋን ሳሟት፣ አማቻቸውን ሳሙት፣ እኔን ሳሙኝ። አልጋው ላይ ያለችውን አዩ፣ ዓይናቸው አለፋት፣ ክፍሉን ዞረ።

«ልጄ የታለች?» አሉ።

ሰፊው አንገቱን ደፋ። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ያልገለጠች ሴት ዓይኗን ገለጠች፤ ያ ትልቁ ድምፅ ሊወጣ ፈልጎ እንዳልወጣ ጉሮሮዋ ላይ አየሁት።

«እማዬ» አለች፤ «ልመጣ እኮ ነበር።»