የእትዬ አህያ

እኛ ሰፈር፣ አቃቂ፣ ወላጅ ተናዶ ልጁን «አንተ አህያ!» ሲል እትዬ ከሰሙ ቆም ብለው፣ «እሰይ! ምን ቢሠራ ነው እንዲህ የሚመሰገነው?» ይሉ ነበር። ተሳዳቢው ይስቃል፤ ልጁም አብሮ ይስቃል።

ታላቅ እህቴ እትዬ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሥዕሉንም የሚሥሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ብዙም አልተማርኩም፤ መጽሐፎቻቸውን የምከታተለው ከፊደሉ ይልቅ በሥዕሉ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ጀግና ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክማ የምትመለስ አህያ ነበረች። አሳታሚው ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰውዬው ሥዕሉን አገላብጦ፣ «ያምራል እትዬ፤ ግን አህያዋን ፈረስ ያድርጉልኝ። ለልጁ አህያ የሚገዛ ወላጅ የለም» አላቸው።

«አንተ ቤት ዱቄቱን ከወፍጮ የሚያመጣው ፈረስ ነው እንዴ?» አሉና ሥዕላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሌላ አሳታሚ እስኪገኝ ብዙ ዓመት ጠበቁ፤ አህያዋ ግን አህያ ሆና ታተመች።

እትዬ ካረፉ ወዲህ መንገዱ ላይ ስድቡ አለ፤ ቆም ብሎ የሚመልስ የለም። የሚሥሉበት ጠረጴዛም መስኮቱ ሥር ባዶውን ቆሟል።

በቀደም ከአሳታሚ ቤት አንድ ወጣት ደወለልኝ። «አባባ፣ ለመታሰቢያቸው መጽሐፉን እንደገና ልናትመው ነው። አህያዋን ብቻ በፈረስ ብንለውጣት ቅር ይልዎታል?»

«አዎ፣ ቅር ይለኛል» አልኩት። «ፈረስ ካማራችሁ የራሳችሁን ሣሉ፤ የእሳቸውን አትንኩ።»

ሴትዮዋ አርፈዋል፣ ማን ይከለክለናል ብለው ይሆናል። እኔ አለሁ።