ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ዕለት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሱቄን ገርበብ አድርጌ ከጎኔ ያለው ፀጉር ቤት አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። መብራቱም ሥራዬ ብሎ ስለሚጠፋ የጎረቤቴን ነገር ከሚስቱ እኩል አውቃለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጎረቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ፀጉር ሲያስተካክል አንድ ሕግ አለው፤ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ስለ መንግሥትም ስለ ነዳጅም እንደ ልቡ ያወራል፣ አግዳሚው ላይ ያለን ደግሞ መልሳችንን ተራችን እስኪደርስ ውጠን እንቆያለን። ሕጉ የወጣው አንድ ደንበኛ ስለ ምርጫ ሊከራከር ድንገት ዞር ሲል ጆሮው ከተቆረጠ ወዲህ ነው። ጎረቤቴ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለማያውቅ ሐሳብ የለውም። “በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” ብሎ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ፀጉር በአንድ መቀስ ይቆርጣል።

የዚያን ዕለት ወንበሩ ላይ የነበረው “ቆጣሪው” የምንለው ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኛ ግን መብራት ሲጠፋ ዛሬም የምንቆጣው እሱን ነው። ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ “ጉድ ስሙልኝ!” አለ። “እኛ በሻማ እየኖርን እነዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጀት ተመድቦላቸው ዝንብ እግሯን ስታሽ ቁጭ ብለው ያያሉ! የልጅ ልጄ በነፃ ታይላቸው የለም እንዴ?”

ሳቅን። አልዋሽም፣ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሳቃችን ሳያልቅ የጎረቤቴ ልጅ የአባቷን ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየናት። ዩኒቨርሲቲ እንዳለች እናውቃለን፤ ምን እንደምታጠና ስንጠይቀው ግን አባቷ “ሳይንስ ነው” ብሎ ያልፈን ነበር። ምሳውን መስኮቱ ጥግ አስቀመጠች።

“አባዬ፣ የጥናቴን ርዕስ ልቀይረው ነው። ነገ ለአስተማሪዬ እነግረዋለሁ።”

“የሁለት ዓመት ልፋትሽን?”

“አንተስ ብትሆን ለሰው ለመናገር አፍረህበት የለ?”

ጎረቤቴ መቀሱን አስቀመጠ። “ተነስልኝ እስቲ” አለው ቆጣሪውን፤ ሰውዬው ግማሽ ጎኑ ብቻ ተቆርጦ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተነሳ። ጎረቤቴም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

“ዝንብ የምታጠናው የእኔ ልጅ ናት” አለን። “የደበቅኋችሁ ሳቃችሁን ፈርቼ ነው። ምን ይጠቅማል ብትሉኝ አላውቅም። እሷም ገና አላወቀችም፤ ብታውቅማ ምን ብላ ታጠናለች? እናንተ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ስለ መንግሥት ስታወሩ አንዲት አምፖል አልበራችም፤ እኔ ግን አንድ ቀን ዝም በሉ ብያችሁ አላውቅም። እሷንም ተዉልኝ።”

እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቆጣሪው በግማሽ ፀጉሩ እንደቆመ እጁን አወጣ። “መልስ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ግን ዝንቧ እግሯን ለምንድነው የምታሸው?”

ልጅቷ አባቷን አየችው፤ ከዚያ “ለማጽዳት ነው” አለች። “ዝንብ በእግሯም ትቀምሳለች ጋሼ። ከቆሸሸባት ያረፈችበት ነገር የሚበላ ይሁን አይሁን አታውቅም።”

“በእግሯ!” አለ ቆጣሪው። “ለመብራትስ ይጠቅማል?”

“እሱን እንኳ እንጃ።”

ርዕሷን አልቀየረችም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። ጎረቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን “በላሽ ወይ? ደከመሽ ወይ?” ሲላት እንጂ ስለ ሥራዋ አንዲት ነገር ሲጠይቃት ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ እሷ ዞረና፣ “ከዚያስ?” አላት።

እሷም ቦርሳዋን አውርዳ ከእኔ ጎን ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረችለት።