ጋሼን የማያውቃቸው ገጽ

ታላቅ እህቴን እታለም እላታለሁ። ኮምፒውተር የተማረችው አርባን ካለፈች በኋላ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ጸሐፊ ነበረች፤ የጽሕፈት መኪናዋ ዕቃ ግምጃ ቤት ስትገባ እሷም አብራ እንዳትገባ ሰግታ መሰለኝ፣ ፒኤችፒ የሚሉትን የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ እየወደቀች እየተነሣች ለመደችው። እኔ እዚያው መጽሐፍ አዋሽ ነበርኩ። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መዝጊያው አልገጥም ባለ መስኮት ሥር፣ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። የዚያ ክፍል የወረቀት ሽታ ዛሬም አሮጌ መጽሐፍ ስገልጥ ይመጣብኛል።

አንባቢ ከቤቱ ሆኖ መጽሐፍ የሚያስይዝበትን ገጽ የሠራችው እሷ ናት። ገጹ በተከፈተ ሰሞን አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር መደወል ጀመሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የይለፍ ቃላቸውን መትተው ይገባሉ፤ መጽሐፍ መርጠው ወደሚቀጥለው ገጽ ሲሄዱ ግን ማን ነዎት ብሎ እንደገና ይጠይቃቸዋል። እኛ ስንሞክረው እንከን የለውም። ኃላፊያችን ሽማግሌው ረስተውት ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው። እታለም ግን አልተዋጠላትም። አንድ ቅዳሜ ተነሺ፣ ቤታቸው እንሂድ አለችኝ።

በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ነገር እየጠፋባቸው እንደሆነ፣ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ እንዳስፈራት፣ ቤቱን ዘግታ እሷ ዘንድ ልትወስዳቸው እንዳሰበች ነገረችን። ሳሎኑ ከመተላለፊያው አይርቅም። ጋሼ ሰምተዋል መሰል፣ ስንገባ ቀና ብለው አላዩንም።

እታለም እስቲ ያሳዩኝ አለቻቸው። የይለፍ ቃላቸውን ሳያመነቱ መቱት፤ ገቡ። አንድ ገጽ አለፍ ሲሉ ተባረሩ። ከዚያ እሷ ራሷ ተቀምጣ በራሷ ስም ገባች። እሷንም አባረራት።

«ጋሼ፣ እርስዎ አልረሱም» አለች። «የሚረሳው የኔ ገጽ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ልጃቸው በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

በመንገድ ላይ እታለም ነገሩን አስረዳችኝ። ገጹ ለገባ ሰው ሁሉ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ብሮውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ያንን ቁጥር ኩኪ በምትባል ትንሽ መረጃ ይዞ በየገጹ እያሳየ ያልፋል። ሴሽን የሚሉት ይኸው ነው። ጋሼ የሚጠቀሙት ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን አሮጌ ብሮውዘር ነው፤ እኛ ቢሮ ያለው አዲስ ነው። አሮጌው በሆነ ምክንያት ቁጥሩን አልቀበልም ይላል። ሌሎች አንባቢዎችም ሳይገጥማቸው አይቀርም፤ ግን አንዴ ሞክረው ትተውታል።

ምክንያቱ ግን አልገኝ አለ። ኮዱን ገለባበጠችው፣ የኮምፒውተሮቹ ሰዓት ተለያይቶ እንደሆነ አየች፣ የብሮውዘሩን ማስተካከያ አንድ በአንድ ነካካች። ምሳዋን እንኳ እየረሳች ከስታ ነበር። አንድ ጠዋት ለአንዲት አንባቢ የገጹን አድራሻ በስልክ ስታጽፍ፣ በሁለቱ ቃላት መሃል ከግርጌ የምትሰመር መስመር አለች ብላ ጀምራ መሃል ላይ ዝም አለች። ሴትየዋ ሄሎ፣ ሄሎ ስትል ከዚህ ይሰማኛል። ጠላቷ ያቺ መስመር ነበረች። አሮጌው ብሮውዘር እንዲህ ያለ ምልክት ካለበት አድራሻ ኩኪ አይቀበልም። እታለም መስመሯን በተራ ጭረት ለውጣ አዲሱን አድራሻ ለጋሼ ደውላ ነገረቻቸው።

ጋሼ ሞከሩት። ገቡ፣ አለፉ፣ መጽሐፋቸውን አስያዙ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉት፣ «በይ ይህንኑ ለልጄ ንገሪያት» ብለው አቀበሏት። እታለም ጥፋቱ የአባቷ እንዳልነበር ከአንድም ሁለቴ ነገረቻት። ልጅቷም ሻይ ለመጠጣት ኑ አለችን።

ጋሼ ቤታቸውን ሳይለቁ ብዙ ዓመት ኖሩ። ከቤት ሆነው ማስያዝ እየቻሉም በየሳምንቱ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ገጹን ልቆጣጠር ነው ብለው ከእታለም ጋር ሲነታረኩ ሌላው አንባቢ መጽሐፉን ትቶ እነሱን ያዳምጣል። አሁን እሳቸው አርፈዋል፣ እታለም ጡረታ ወጥታለች፣ ያቺ ክፍልም ፈርሳ ደረጃ ተሠርቶባታል። ልጃቸውና እታለም ግን ዛሬም ይጠያየቃሉ። ተገናኝተው የጋሼን ግትርነት እያነሡ ሲስቁ፣ እኔ አፌን ዘግቼ መስማቱ ይጥመኛል።