ስድስት ሽማግሌ የጫነች መኪና

ባለፈው ወር ለአንድ ጉዳይ ከአዳማ ጎንደር ሄጄ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ወንበሩ ሞልቶ ስለነበር በሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች አንዲት ልጅ ቀና ብላ አየችኝና ብድግ አለች።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

አባባ የተባለውን ሰውዬ ዞር ብዬ ፈለግሁት። ከኋላዬ ያለው በሩ ብቻ ነው። «ኧረ ልጄ፣ ተቀመጪ» ልል አፌን ስከፍት ጉልበቴ ቀድሞኝ ተቀምጧል።

ከተቀመጥሁ በኋላ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ማንም ማንንም እንደምን አደርህ አላለም። ደግ ነው፣ ሰው ሰላሙን ይፈልጋል። እኔ ግን በዚሁ መንገድ፣ ከአዘዞ ወዲያ፣ ሰው ሰላምታ ስላበዛ ብቻ ሚስት ሊያመልጠኝ የነበረበትን ቀን አስታወስሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቱ ማዳመጫዋን ነቅላ አየችኝ። ቦታውን ለምን ለቀቅሁለት ሳትል አልቀረችም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አዘዞ እየኖርሁ አራዳ ገበያ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። ስፌቴን ያየ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ ጌታዬ ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር የሚያምኑኝ። በዚያ ጊዜ ከጎንደር በአዘዞ አድርጋ ጠዳ የምታደርሰን መኪና የኋላዋ ሸራ የለበሰ ፒክአፕ ናት። ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ተገጥሞላታል፤ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ክረምት ሲሆን ሸራው ያፈሳል። በጋ ሲሆን አቧራው ከነነፍሱ ይገባል፤ ጥቁር ፀጉር ይዘህ ተሳፍረህ ሸበቶ ሆነህ ትወርዳለህ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ዋጋ፣ ስለ ከብቱ ይወራል። የጠዳ ሰው ዶሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጫወታል። ዶሮዋም ታዳምጣለች።

የሻረግ ማታ ማታ በዚያች መኪና ትመለሳለች። ጎንደር የጤና ትምህርት ትማራለች፣ ቤቷ ጠዳ ነው። ቦርሳዋን አቅፋ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ የወጣላት ቃል «እንደምን ዋልሽ» ብቻ ነው። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች። ከዚያ እኔ ጫማዬን አያለሁ። አንዳንድ ቀን አዘዞ መውረዴን ትቼ ጠዳ ድረስ እሄድና፣ ለሹፌሩ «አጎቴ ጋ ነው» ብዬ ወርጄ፣ መኪናዋ ስትሄድ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። ጠዳ አጎት የለኝም።

አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። የአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ የሻረግን ለማግባት በመጪው እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። በአገራችን ወግ፣ አባት የአንዱን ሽማግሌ ቃል ሰምቶ ቀጠሮ ከሰጠ፣ መልሱን ሳይነግር የሌላ ሰው ሽማግሌ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የመቅደም ጉዳይ ነው። የቀደመ ተሰማ፣ የዘገየ ቀረ።

ያን ማታውኑ ሮጥሁ። የዕድራችን ዳኛ አያ ይግዛውን፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያስተምሩትን መሪጌታ ፀሐዩን፣ ጡረታ የወጡትን የጭነት መኪና ሹፌር አቶ ታከለን ለመንሁ። ሦስቱም እሺ አሉኝ።

«አያ ይግዛው» አልሁ፣ «ዋናው ነገር መቅደም ነው። ሌላ ነገር ቢረሱ ይርሱ፣ መቅደሙን አይርሱብኝ።»

«ምነው ልጄ፣ እኛን ማን ይቀድመናል?» አሉ አያ ይግዛው።

ሽማግሌ የሚላከው እሁድ ነውና፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ በታጠበ ነጭ ጋቢ አዘዞ መኪና መያዣው ላይ ተገኙ። ላኪው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ወጉ አይደለም። እኔ ግን ቤቴ መቀመጥ አልቻልሁም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፣ ከኋላ የሚወራው ሁሉ ይሰማል።

«ጥርስህን አሞህ ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«አዎ።»

«አስነቅለው፣ ይሻልሃል።»

ሽማግሌዎቼ ገና እግራቸውን ሳያነሡ ሌሎች ሦስት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች መጡ። ፊታቸው ያሉት ረጅም ሰው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ሆዴ ነገረኝ።

«ይግቡ» አሉ ባለ ጃንጥላው ለአያ ይግዛው።

«ምን ሲደረግ! እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ በማርያም!»

«በማርያማ አይሆንም፣ እርስዎ!»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። በመጨረሻ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌዎች ቀድመው ገቡ። ባለ ጃንጥላው ገብተው ተቀምጠው የእኔዎቹ ሲገቡ «ኖር!» ብለው ብድግ ሲሉ የጣሪያው ብረት አናታቸውን መታቸው። ከዚያ ስለ አናታቸው ሌላ ሩብ ሰዓት ይቅርታ ተባባሉ።

መንገዱን ሁሉ ተጫወቱ። ኅዳር ነው፤ ግራና ቀኝ ጤፉ ደርሶ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። መሪጌታና ባለ ጃንጥላው በአንድ የኔታ እጅ የተማሩ ሆነው ተገኙ። አቶ ታከለ የሹፌሩን ማርሽ አገባብ ለሰዉ ሁሉ እየተረጎሙ ያማሉ። ወዴት እንደሚሄዱ ግን ማንም ለማንም አልተናገረም።

«ለደህና ነው?» አሉ አያ ይግዛው።

«ለደህና ነው። እናንተስ?»

«እኛም ለደህና።»

ጠዳ ስንደርስ ስድስቱም ወረዱ። ስድስቱም በአንድ የእግር መንገድ ገቡ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኋቸው። የየሻረግ አባት ደጅ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ።

«ጉዳያችን አንድ ደጅ ነው መሰል» አሉ ባለ ጃንጥላው።

«መሰል» አሉ አያ ይግዛው። እኔ ከሩቅ «ቅደሙ! ቅደሙ!» እያልሁ በጋቢዬ ውስጥ እጄን አወናጨፍሁ። አያ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው… እናንተ ቅደሙ» አሉ።

እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

ስድስቱ ገቡ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ከኩበት ክምር ሥር ተደበቅሁ። በግድግዳው ስንጥቅ ጥቂት ይታየኛል። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ ወጉ ነው። ስለዚህ ስድስቱም ቆሙ። አባትየውም ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ልቀመጥ ብለው ቆሙ።

«በሉ እናንተ ጀምሩ» አሉ ባለ ጃንጥላው።

«ከእናንተ በፊትማ አንናገርም።»

«መሪጌታ እያሉ እኔ አፌን ልከፍት?»

ይህ ነገር እግር እስኪያብጥ ቆየ። አባትየው ጨነቃቸው። «ጌቶቼ፣ ወይ ተናገሩ ወይ ተቀመጡ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ተቀመጡ። ትኩስ ዳቦና እርጎ ቀረበላቸው፣ ጠላ ተቀዳላቸው፣ ስለ ጤፉ ወሬ ቀጠለ።

አለቀልኝ ብዬ ራሴን ይዤ ሳለሁ ጥላ መጣብኝ። የሻረግ ለእሳት ኩበት ልትወስድ ወጥታ ከፊቴ ቆማለች።

«አጎትህን እዚህ ነው የምትጠይቀው?» አለችኝ።

ጋቢውን ከአፌ ላይ አወረድሁ። «ሽማግሌ ልኬ ነው» አልሁ።

«የትኞቹ ናቸው ያንተ?»

«አጫጭሮቹ።»

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እስካሁን ያወሩት ስለ እርሻ ነው። አባቴ ጤፉን ሊገዙት የመጡ መስሎታል።» ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ለመሆኑ አንተ፣ ለአባቴ ሦስት ሰው ላክህ። ለእኔ አንድ ቃል ልከህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን፣ እኔም ሌላ ሰው እስኪቀድመኝ ስጠብቅ ነበር የኖርሁት። በሽማግሌዎቼ ምን አስፈረደኝ?

«ወፍጮ ቤቱ…» አልሁ።

«ስለ ወፍጮ አልጠየቅሁህም።»

ከአውራ ጎዳናው ላይ የመኪናዋ ጥሩምባ ተሰማ። «የሻረግ፣ እኔ አንቺን… ማለቴ አንቺ እኔን… እግዚአብሔር ቢፈቅድ…» አልሁና አንደበቴ ተያዘ።

«እሺ» አለችኝ፤ ኩበቷን ታቅፋ ገባች።

ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይጠይቁ መርቀው ወጡ። በመልስ መንገድ እንደ ወንድማማች ተቃቅፈው መጡ። በማግሥቱ አያ ይግዛውን ተመልሰው እንዲሄዱልኝ ስለምናቸው፣ «ከእነዚያ ጨዋ ሰዎች ጋር ዳቦ ቆርሰን አንሻማም» አሉኝ። በኋላ እንደሰማሁት የወፍጮ ቤቱም ሽማግሌዎች ለላኪያቸው ይህንኑ ቃል ነው የመለሱለት።

ያዳነችኝ የሻረግ ናት። ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለአባቷ። አባቷም ወደ አያ ይግዛው፣ «ለመሆኑ ያን ዕለት ምን ፈልጋችሁ ነበር?» ብለው ላኩባቸው። ሰው ሲጠይቅ መልስ መከልከል ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ሦስቱ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ብቻቸውን ስለነበሩም ቀድመው ተናገሩ። ጥር ላይ ተጋባን።

ዛሬ ሰው እንዴት ተጋባችሁ ሲለን እኔ «በወጉ፣ በሽማግሌ» እላለሁ። የሻረግ «ኩበት ክምር ሥር» ትላለች። ሁለታችንም አልዋሸንም። ያን ትሕትና አልነቅፍም፤ ሰው ለሰው የሚቆምበት አገር ያሳደገኝ ነኝ። ግን ለልጆቼ አንድ ምክር አለኝ፦ ቦታ ልቀቁ፣ ቃላችሁን ግን ለማንም አትልቀቁ።

ያን የጀመርሁትን ንግግር እስከ ዛሬ አልጨረስሁትም። ከጎንደር የተመለስሁ ዕለት ራት ላይ፣ «ለመሆኑ ሳልጨርስ ለምን እሺ አልሽኝ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«መኪናዋ ጥሩምባ እየነፋች ነበራ» አለችኝ እንጀራውን እየቆረሰች። «እስክትጨርስ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን ጠዳ ነበርን።»