በርበሬ የጎረሰ ወፍጮ

ታናሽ ወንድሜ እዚህ ስደት አገር፣ ኪልበርን በሚባል ሰፈር ባለ የሐበሻ ሱቅ ጓሮ በርበሬ ይፈጭ ነበር። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት የወፍጮው ድምፅ ሲያስመርራት ወለሏን ትደበድባለች፤ ባለሱቁም "አጥፋው!" ይሉታል። ወፍጮው በርበሬ እንደጎረሰ ይቆማል። መልሰው ሲያስነሱት ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይዞርም፤ ወንድሜ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ በእጁ እየሳበ ያግዘዋል። አገር ቤትም እንዲህ ነው የሚደረገው ይለኛል። አገር ቤት ስንት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጣቱ እንደጎደለ ግን አያነሳም።

እኔ እዚህ አውቶቡስ ብነዳም የተማርኩት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው። አንድ እሑድ ሱቁ ዝግ ሳለ ሄጄ ለካሁት። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ፣ ዘንጉን በሚያዞረው፣ ቺንጋው በሚጠመጠምበት ፑሌጃ ላይ ረጅም ብረት አሰርኩ። ጫፉ ላይ ፌስታል አንጠልጥዬ ዘንጉ እስኪነቃነቅ ድረስ ሽምብራ ጨመርኩበት። ክብደቱን በብረቱ ርዝመት ማባዛት ነው፤ የብረቱንም ክብደት አስቤያለሁ። ወፍጮውን ባዶውንም በርበሬ ጎርሶም ለክቼ፣ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ጋር አስተያየሁት። ወፍጮው ባዶ ሲሆን ሞተሩ ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይተርፈዋል። በርበሬው ዘንጉ ላይ ተጠቅጥቆ ሲቆም ግን ለማስነሳት ሞተሩ ካለው ዕጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። የጎደለውን ሲያሟላ የኖረው የወንድሜ ክንድ ነው። በጣም ደነገጥኩ።

"ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? ወረቀት ሳይኖረኝ ቤታቸው ያስጠጉኝ ሰው ናቸው። ሞተር ይግዙ ልበላቸው? አላፍርም?"

ራሴ ሄድኩ። ባለሱቁ ሻይ ጋበዙኝ፤ ሒሳቡንም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። "ተባረክ ልጄ፣ እናየዋለን" አሉ። እናየዋለን ማለት በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ መቼም አይጠፋኝም። ወንድሜ ደግሞ አዋረድከኝ ብሎ አኮረፈኝ።

ወሩ ሳያልቅ ቺንጋው ቀኝ እጁን ያዘው። ሁለት ጣቶቹን አጣ።

ከሆስፒታል እንደወጣ ኬኒንግተን የምንኖርበት ፍላት ሽማግሌዎች መጡ። ባለሱቁ መሃላቸው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

"ሪፖርት ካደረግክ የሰፈሩ ካውንስል ሱቁን ይዘጋዋል" አሉት ወንድሜን አንደኛው ሽማግሌ። "የስንቱ ሐበሻ እንጀራ ነው። ለእኛ ስትል ተወው።"

ወንድሜ ብድግ አለ። ሊያስወጣቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን ወደ ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ፣ እጁ የቆሸሸ ሰው እንደሚያደርገው፣ በፋሻ የተጠቀለለውን መዳፉን አጥፎ አንጓውን ዘረጋላቸው።

"ምንም አይደል ጋሼ፣ እግዜር ያመጣው ነው።"

እግዜር! እኔ እኮ ለክቼዋለሁ፤ ያመጣው ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ባለሱቁ እንባቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ዓይነት ሞተር ነበር ያልከኝ?"

ጃኬቴን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ንገራቸው እንጂ" አለኝ ወንድሜ። "ሰኞ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይገባል።"